ጭንቅላት ሲመታ፦ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት



በየሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ የቆመ ሰው ይህን ታሪክ ያውቀዋል። በሞተር ሳይክል ተገጭቶ የመጣ ወጣት ነው፤ ወይም ከሕንፃ መወጣጫ እንጨት ላይ የወደቀ የቀን ሠራተኛ፣ አለዚያም ከገበያ ሲመለስ በዱላ የተመታ ሰው። ሲቲ ስካን ይነሣል። ሐኪሙ ምስሉን አይቶ «ደም አልፈሰሰም፣ አጥንቱም ደህና ነው» ይላል። ቤተሰቡ ተመስገን ብሎ ታማሚውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሳምንት ሳይሞላ ግን ልጁ ብርሃን አልችልም ይላል፤ ጫጫታ ያስቆጣዋል፤ የጀመረውን ወሬ መሐል ላይ ይረሳዋል፤ ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም። እናቱ «ምንም የለውም ተብሎ አልነበር እንዴ? ታዲያ ልጄ ምን ሆነብኝ?» ትላለች። ጎረቤትም የየራሱን መልስ ያዋጣል፤ አንዱ ዓይነ ጥላ ነው ይላል፣ ሌላው ስንፍና ነው ይላል።

የእናትየዋ ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሲቲ ስካን የፈሰሰ ደምንና የተሰበረ አጥንትን በማሳየት የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል። በምቱ ማግስት፣ ይልቁንም ከምቱ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች፣ ሴሎች ምን እንደሚደርስባቸው ግን አያሳይም። ይህን ያሳየን ሌላ መሣሪያ ነው፤ ያውም በሰው ላይ ሳይሆን በማደንዘዣ በተኛች፣ ክብደቷ 25 ግራም ገደማ በሆነች የቤተ ሙከራ አይጥ ላይ። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ነው፦ አንጎል በሕይወት እያለ፣ ጉዳቱ እየደረሰበት፣ በዓይን ስለ ማየት። አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ይህ ጥናት እስካሁን ለሐኪም እጅ አንድም መድኃኒት አላቀበለም። የሰጠን ቅደም ተከተል ነው፤ የትኛው ነገር ቀድሞ፣ የትኛው ተከትሎ እንደሚመጣ፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ። እኔ በበኩሌ ይህን ትንሽ ነገር አልለውም። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጭንቅላት ሲመታ ጉዳቱ በሁለት ዙር ይመጣል። የመጀመሪያው በምቱ ቅጽበት ያለቀ ነው፤ አጥንት ይሰነጠቃል፣ የደም ሥር ይበጠሳል፣ የነርቭ ክር ተስቦ ይላላል ወይም ይቆረጣል። ይህን የሚመልስ ሐኪም የለም። ሁለተኛው ዙር ግን ገና ይጀምራል። የተጎዳ ሴል የያዘውን ኬሚካል ደጅ ይደፋል፤ ያ ኬሚካል ጎረቤቱን ይመርዛል፤ የደም ሥሮች ማፍሰስ ይጀምራሉ፤ አንጎል ያብጣል፤ የሰውነት መከላከያ ሴሎች ይጎርፋሉ። ይህ ሰዓታት፣ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። ሕክምና ሊገባበት የሚችለው ክፍተት ይኸው ነው።

ይህን ሁለተኛ ዙር ግን ለረጅም ዘመን ያየው ሰው አልነበረም። ሁሉም የሚታወቀው ከሞተ አንጎል ነበር። ስፔናዊው ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ በ1919 ማድሪድ ውስጥ የአንጎል ስስ ቁራጮችን በብር ማቅለሚያ አቅልሞ ትንንሽ፣ ቅርንጫፋቸው የበዛ ሴሎችን ለየ፤ ማይክሮግሊያ ብሎም ሰየማቸው። የአንጎል ዘበኞች ናቸው፤ የሞተውን የሚያጸዱ፣ ባዕድ የሚያባርሩ። ኦርቴጋ ታላቅ ተመልካች ነበር። ነገር ግን እርሱም ሆነ ከእርሱ በኋላ ለሰማንያ ዓመታት የተነሡት ተመራማሪዎች ያዩት የቆመ ነገር ነው። እንስሳው ከተመታ በኋላ በአንደኛው ቀን አንዱን፣ በሦስተኛው ቀን ሌላውን ገድለው አንጎሉን ይቆርጣሉ፤ ከዚያ በመሐሉ ምን እንደሆነ ይገምታሉ። ሰርግ ባለቀ ማግስት ድንኳኑ ሲፈርስ ደርሶ፣ የተሰበረውን ብርጭቆና የተደፋውን ጠላ አይቶ፣ ማን ከማን እንደተጣላና ማን እንዳስታረቀ ለመናገር እንደ መሞከር ነው።

በሕይወት ያለ አንጎል ውስጥ እንዳይታይ የከለከለው ብርሃን ራሱ ነው። ተራ ብርሃን ሥጋ ውስጥ ሲገባ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ትንሽ ጠለቅ ሲሉ ምስሉ ሁሉ ጭጋግ ይሆናል። መፍትሔው የተጸነሰው ስለ አንጎል ምንም በማታስብ አንዲት ወጣት የፊዚክስ ተማሪ ወረቀት ላይ ነው። ማሪያ ጎፐርት ማየር በ1930 ጀርመን ጎቲንገን ለዶክትሬት ማዕረጓ ባቀረበችው ጽሑፍ፣ ሁለት ደካማ የብርሃን ቅንጣቶች፣ ማለትም ፎቶኖች፣ እኩል በአንድ ቅጽበት ከደረሱ እንደ አንድ ብርቱ ፎቶን ሆነው ሊሠሩ እንደሚችሉ በስሌት አሳየች። ያን ጊዜ ይህን የሚፈትን መብራት በዓለም ላይ አልነበረም፤ ሌዘር ገና አልተሠራም። ሴትየዋ በኋላ በሌላ ሥራዋ በ1963 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች።  

ስሌቷ ወደ መሣሪያ የተለወጠው በ1990 ነው። ኒውዮርክ ግዛት በሚገኘው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ዊንፍሪድ ዴንክ፣ ጄምስ ስትሪክለርና ዋት ዌብ ባለ ሁለት ፎቶን ማይክሮስኮፕን ይፋ አደረጉ። ሌዘሩ ለዓይን የማይታይ ቀይ ወሰን ያለፈ ብርሃን ነው፤ እንዲህ ያለው ብርሃን ሥጋ ውስጥ ብዙ አይበተንም። የሚመጣውም በማያቋርጥ ጨረር ሳይሆን እጅግ አጭርና ብርቱ በሆኑ ምቶች ነው። ሁለት ፎቶኖች በአንድነት የመገናኘት ዕድል ያላቸው ጨረሩ በተጠራቀመባት አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያች ነጥብ በላይም በታችም ያለው ሁሉ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ነጥቧን እያንቀሳቀሱ በማስነበብ የንብርብሩ ምስል ይሠራል። በዚህ መንገድ ከአንጎል ገጽ ጀምሮ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል፣ ሲሳካም ከዚያ ጠለቅ ብሎ፣ ማየት ይቻላል።

ማየት ብቻውን አይበቃም፤ የሚታየው ነገር ማብራት አለበት። ለዚህ የጠቀመው ጄሊፊሽ ከሚባለው የባሕር ፍጥረት የተገኘ አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ነው። ጃፓናዊው ኦሳሙ ሺሞሙራ በ1962 ለይቶ ያወጣው ሲሆን፣ ከማርቲን ቻልፊና ከሮጀር ቺየን ጋር በ2008 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ይህ ፕሮቲን በዘር ምሕንድስና አይጦች ውስጥ ገባ፤ በ2000 ማይክሮግሊያዎቻቸው አረንጓዴ የሚያበሩ አይጦች ተዘጋጁ። መብራቱም ተመልካቹም ተሟላ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ዜና በ2005 መጣ፤ ያውም ከሁለት ቡድኖች በአንድ ዓመት። አክሴል ኒመርያንና ባልደረቦቹ ከጀርመንና ከስዊዘርላንድ፣ ዲሚትሪዮስ ዳቫሎስ ከኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲው የዌን ቢያዎ ጋን ቡድን ጋር ሆኖ ከአሜሪካ ያሳዩት ነገር አንድ ነው። መጻሕፍት ሁሉ «ያረፉ» እያሉ ሲጠሯቸው የኖሩት ማይክሮግሊያዎች ለአፍታም አያርፉም። የሴሉ አካል በቦታው ይቀመጣል እንጂ ቅርንጫፎቹ ሳያቋርጡ ይዘረጋሉ፣ ይሰበሰባሉ፣ አካባቢያቸውን ይዳስሳሉ። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የአንጎልን ሥጋ ከዳር እስከ ዳር ፈትሸው ይጨርሳሉ። ተመራማሪዎቹ በሌዘር አንዲት እጅግ ትንሽ ነጥብ ሲያቃጥሉ ደግሞ፣ በዙሪያው ያሉት ማይክሮግሊያዎች ሁሉ ቅርንጫፋቸውን ወደ ቁስሉ ላኩ፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሳያልፍም ቁስሉን ከበው ከቀረው አንጎል ለዩት። የጠራቸው ኤቲፒ የሚባለው ሞለኪውል ነበር። ሴል በሕይወት ሳለ ለጉልበት የሚጠቀምበት ነው፤ ሲፈነዳ ግን ወደ ውጭ ይፈስሳል፣ መፍሰሱም የድረሱልኝ ጥሪ ይሆናል።

የሌዘር ቃጠሎ ግን የጭንቅላት ምት አይደለም። ማንም ሰው በሌዘር ተወግቶ ድንገተኛ ክፍል አይመጣም። ስለዚህ ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ ቤተስዳ በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም በዶሪያን ማክጋቨርን ቤተ ሙከራ የተሠራውን ሥራ ጠጋ ብለን እንመልከተው። ቀዳሚ ጸሐፊው ቲዎዶር ሮት ይባላል፤ ጥናቱ በታኅሣሥ 2013 ኔቸር በተባለው መጽሔት ወጣ።

አይጧ በማደንዘዣ ተኝታለች። ሙቀቷ እንዳይወርድ ከሥሯ የሚሞቅ ምንጣፍ አለ፤ ስትተነፍስ ምስሉ እንዳይናወጥ ጭንቅላቷ በትንሽ ብረት ተይዟል። የራስ ቆዳዋ ተከፍቶ አጥንቱ ይታያል። ሠራተኛው የጥርስ ሐኪም የሚይዘውን ዓይነት ደቃቅ መሰርሰሪያ ይዞ አጥንቱን ይፍቃል፤ አይበሳውም፣ ያሳሳዋል እንጂ። ትንሽ ይፍቅና ያቆማል፤ ሙቀቱ ከሥር ያለውን ሥጋ እንዳያበስል ቀዝቃዛ የጨው ውኃ ያፈስስበታል፤ እንደገና ይፍቃል። አጥንቱ 20 ወይም 30 ማይክሮን ሲቀረው፣ ማለትም ከአንድ የሰው ፀጉር ውፍረት ግማሽ እንኳ ሳይሞላ፣ እንደ ብርሃን መስኮት ያሳያል። አጥንቱ ስላልተከፈተ ከሥሩ ያለው ሁሉ እንደነበረ ነው። እዚህ ላይ ያ ቡድን አንድ ነገር አስተዋለ። እንዲህ የሳሳ አጥንት ይታጠፋል። ስለዚህ በደነዘ መሣሪያ ቀስ ብሎ ሲጫኑት ሳይሰበር ጎድጎድ ይልና ሥሩ ያለውን ሽፋንና አንጎል ይጨፈልቃል። ለቀላል የአንጎል ጉዳት ምሳሌ የሆነው ይህ ነው፤ ማይክሮስኮፑም ከላይ ተደግኖ ይጠብቃል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በየደቂቃው መተረክ ይቻላል፤ ቀድሞ ማንም ሊተርከው ያልቻለ ነገር ነው። መጀመሪያ የተጎዳው አንጎሉ ራሱ አይደለም፤ ሽፋኑ ነው። ማጅራት ገትር የሚባለው በሽታ የሚያጠቃውን ሽፋን ማለቴ ነው። የሽፋኑ የደም ሥሮች ማፍሰስ ጀመሩ፤ እዚያው የሚኖሩ የመከላከያ ሴሎች በደቂቃዎች ውስጥ ረገፉ። ከሽፋኑ ሥር አስትሮሳይት በሚባሉ ሴሎች እግር የተሠራ ስስ አጥር አለ፤ አንጎልን ከሽፋኑ የሚለይ። አጥሩ ሲሳሳ ከላይ የፈሰሰው መርዛማ ነገር ወደ አንጎል ሰረገ። ማይክሮግሊያዎች ወዲያው ደረሱ። አጥሩ ተዳክሞ ግን ባልፈረሰበት ቦታ እያንዳንዱን አስትሮሳይት እየከበቡ የማር እንጀራ የሚመስል መረብ ሠሩ። አስትሮሳይቱ በሞተበት ቦታ ግን ቅርጻቸውን ለውጠው፣ ሰውነታቸውን ጠፍጥፈው፣ ክፍተቱን ራሳቸው ደፈኑት፤ ተመራማሪዎቹ ይህን መልክ «ጄሊፊሽ» ብለውታል። ብዙም ሳይቆይ ከደም የመጡ ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ጎረፉ፤ ነገር ግን አንጎል ውስጥ ዘልቀው ሳይገቡ ሽፋኑ ላይ ተሰማሩ።

እስከዚያ ድረስ ብዙው ሰው እብጠትንና የመከላከያ ሴሎችን ጎርፍ እንደ ጠላት ነበር የሚያየው፤ «እብጠቱን አጥፉ፣ አንጎሉ ይድናል» የሚል እምነት ነበር። እዚህ የታየው ግን እነዚህ ሴሎች ሥራቸውን እንዳይሠሩ ሲደረግ ጉዳቱ መክፋቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚመጡት ጠጋኞች ናቸው።

ሌላም ነገር ተገኘ። ያልተከፈተ የራስ ቅል ዝግ ግድግዳ አይደለም፤ ትንንሽ ሞለኪውሎች ያልፉበታል። ቡድኑ ግሉታታዮን የሚባለውን፣ የሰውነትን ሴሎች ከመርዛማ ኦክስጅን የሚጠብቅ ንጥረ ነገር፣ ከምቱ በኋላ ወዲያው በአጥንቱ ላይ ሲያስቀምጥ የሴሎች ሞት በ67 በመቶ ቀነሰ። ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ሲያስቀምጥም በ51 በመቶ ቀነሰ። ለእኔ ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛው ቁጥር ይበልጥብኛል፤ ከሦስት ሰዓት በኋላም ገና ሊድኑ የሚችሉ ሴሎች አሉ ማለት ነውና። ይህን ሰምታችሁ ግን ነገ ለቆዳ ማቅያ የሚሸጠውን ግሉታታዮን ገዝታችሁ ግንባር ላይ እንዳትለጥፉ። የተሠራው በአይጥ ነው፤ የሰው የራስ ቅል ውፍረቱ ብዙ ሚሊሜትር ነው። በአፍ የሚዋጠውም ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ይህ ሥራ ከአይጥ ወደ ሰው የተሻገረበት ድልድይ አለው፤ ከብዙ ተመሳሳይ ጥናቶች የሚለየውም በዚህ ነው። በዚያው ጥናት ተመራማሪው ሎረንስ ላቱር የአንጎል መናወጥ የደረሰባቸውን፣ በመጀመሪያው ኤምአርአይ ግን የአንጎላቸው ሥጋ ምንም ጉዳት ያልታየበትን 142 ታማሚዎች ምስል መረመረ። ከደም ሥር የሚያፈስሰውን የሚያሳይ ንጥረ ነገር ተሰጥቷቸው ሲታዩ 49 በመቶዎቹ ሽፋናቸው ያፈስስ ነበር። ከግማሽ የማይተናነሱት «ደህና» ሰዎች ማለት ነው። በንግግሬ መጀመሪያ ላነሣኋት እናት መልስ ካለ ከዚህ ይጀምራል፤ ልጅዋ ዓይነ ጥላም ስንፍናም አልያዘውም። ሽፋኑ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ የተነሣው ምስል ግን ያንን ለማየት የተሠራ አይደለም።

በ2018 ያው ቤተ ሙከራ ቀጣዩን ምዕራፍ አወጣ። የተጎዳው ሽፋን በአይጥ በሳምንት ገደማ ይጠገናል፤ ሥራውም ተራ አለው። መጀመሪያ የሚመጡት ሴሎች መሐሉ ላይ የሞተውን ያጸዳሉ፤ ኋላ የሚመጡት ከዳር ሆነው የደም ሥሮቹን እንደገና ያበቅላሉ። አይጧ በመጀመሪያው ቀን፣ ጽዳቱ ሳያልቅ፣ ሁለተኛ ስትመታ ግን ጥገናው ተቋረጠ። ሁለተኛው ምት ቀናት ቆይቶ ሲመጣ ግን ጥገናው ተካሄደ። የእግር ኳስና የቦክስ ሐኪሞች «የተናወጠ ተጫዋች በዚያው ቀን አይመለስ» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ምክንያቱ ግን ከልምድ የመጣ ነበር። እዚህ ግን ምን እንደሚቋረጥ በዓይን ታየ። የአይጥ ቀን የሰው ቀን አይደለም፤ በሰው ጥገናው ሳምንታት ይወስዳል፣ አንዳንዶች ላይም ከዚያ ይዘገያል።

አንድ ነገር አክዬ ወደ ክርክሩ ልለፍ። ብራዚላዊው አሪስቲዲስ ሌያዎ በ1944 ሃርቫርድ ሳለ የጥንቸል አንጎል ላይ አንድ እንግዳ ማዕበል አግኝቶ ነበር፦ የነርቭ ሴሎች ሁሉ በአንድነት ይነድዱና ጸጥ ይላሉ፤ ጸጥታውም በደቂቃ ሦስት ሚሊሜትር ገደማ እየተጓዘ የአንጎሉን ገጽ ያዳርሳል። በሰው ዘንድ አለ የለም እየተባለ ለአሥርተ ዓመታት ተከራክረውበታል። በ2002 ለንደን ውስጥ በቀዶ ሕክምና ወቅት አንጎል ላይ በተቀመጡ የኤሌክትሪክ መስመሮች በሰው ላይም ተመዘገበ። በ2011 የወጣ ጥናት ደግሞ ለከባድ ጉዳት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ታማሚዎች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ እንደሚታይና የከፋ ውጤትን እንደሚያመለክት አሳየ። ከእንስሳ የጀመረ ነገር በሰው ለመረጋገጥ 58 ዓመት ፈጀ። ለሚቸኩል ሰው ይህ ቁጥር ጥሩ ልጓም ነው።

አሁን ወደ ሌላው ጎን። ስለዚህ መሣሪያ በጋለ ስሜት የሚጽፉ ሰዎች ሦስት ነገር ይዘልላሉ።

አንደኛው መስኮቱ ራሱ ጉዳት መሆኑ ነው። ብዙ ቤተ ሙከራዎች አጥንቱን በማሳሳት ፈንታ ቆርጠው አውጥተው በመስታወት ይተኩታል፤ ጠለቅ ብሎ ለማየት ይመቻልና። በ2007 የኒውዮርኩ የጋን ቡድን ሁለቱን መንገዶች ጎን ለጎን አድርጎ ሲያወዳድር፣ አጥንቱ የተከፈተበት አንጎል ውስጥ ማይክሮግሊያዎች ቀድሞውኑ ተቆጥተው፣ የነርቭ ሴሎች መገናኛ እሾሆችም ከተለመደው በላይ ሲለዋወጡ አገኘ። ጉዳትን ለማጥናት ጉዳት አድርሰህ መግባት ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ጥናት ስታነቡ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «በየትኛው መስኮት ነው ያያችሁት?» ይሁን።

ሁለተኛው ማደንዘዣው ነው። በ2019 ከሮቸስተርና ከማዮ ክሊኒክ የወጡ ሁለት ጥናቶች፣ የነቃች አይጥ አንጎል ውስጥ ኖርአድሬናሊን ማይክሮግሊያዎችን እንደሚገታቸው አሳዩ። ስትተኛ ልጓሙ ይላላል፣ ቅርንጫፋቸውም ይበልጥ ይዘረጋል። እንግዲህ በ2005 ያስደነቀን ያ ሁሉ ፍተሻ ከፊሉ አይጧ ተኝታ ስለነበር የታየ ነው። ግኝቱ አልፈረሰም፤ ልኩ ግን ተስተካከለ። ደግሞም ሰው ተኝቶ አይገጭም። ሳይንስ እንዲህ ራሱን ሲያርም ማየት ደስ ይለኛል፤ ዜናው ግን የመጀመሪያውን ያህል አልተነገረም።

ሦስተኛውና ከባዱ አይጥ ሰው አለመሆኗ ነው። የአይጥ አንጎል ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም፤ የእኛ 1,400 ግራም ይደርሳል። የእርሷ ለስላሳ ነው፣ የእኛ የታጠፈና የተሸበሸበ ነው። የነርቭ ክሮች የሚያልፉበት ነጭ ክፍል በእኛ አንጎል ግማሽ ያህሉን ሲይዝ በእርሷ ትንሽ ነው። መኪና ሲገለበጥ የሰው አንጎል የሚጎዳው በመመታቱ ብቻ አይደለም፤ በመሽከርከሩም ነው። ትልቅ አንጎል ሲዞር ንብርብሮቹ እኩል ስለማይዞሩ ክሮቹ ይሳባሉ። ይህን የኦክስፎርዱ ፊዚሲስት ሆልቦርን በ1943 የራስ ቅል ቅርጽ ውስጥ በፈሰሰ ጄላቲን አሳይቶታል። ትንሽዬ የአይጥ አንጎል እንዲህ አይሳብም። ባለ ሁለት ፎቶን ማይክሮስኮፕም ወደዚያ ጥልቀት አይደርስም። ለዚያ ኤምአርአይ ያስፈልጋል፤ የውኃ ሞለኪውሎች በነርቭ ክሮች አቅጣጫ እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ የሚለካው ዓይነት። እርሱ ጥልቀቱን ሁሉ ያያል፣ ነጠላ ሴልን ግን አያይም። እንደ እኛ የተሸበሸበ አንጎል ያለው አሳማም ለዚሁ ጥናት ይውላል። አንድ መሣሪያ ሁሉን አያሳይም፤ አሳየሁ የሚል ካለ ተጠራጠሩት።

በእንስሳና በሰው መካከል ያለውን ልዩነት ችላ የማለት ዋጋ ምን እንደሆነ ሐኪሞች ያውቁታል። ስቴሮይድ እብጠትን ያጠፋል ተብሎ ለሦስት አሥርተ ዓመታት ጭንቅላቱ ለተጎዳ ሰው ሲሰጥ ኖሯል። በ2004 ውጤቱ የታተመው ክራሽ የተባለው ጥናት 10,008 ታማሚዎችን አሳተፈ። መድኃኒቱን ካገኙት በሁለት ሳምንት ውስጥ 21.1 በመቶው ሞቱ፤ ካላገኙት 17.9 በመቶው። መድኃኒቱ ገዳይ ነበር። ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞንም በእንስሳት ላይ ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ በ2014 መጨረሻ በ882 እና በ1,195 ታማሚዎች ላይ የተደረጉ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ግን ምንም ጥቅም አላገኙበትም። ስቴሮይድ ለምን እንደጎዳ ከአይጦቹ ብቻ መደምደም አይቻልም። ሆኖም የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጎርፍ ጠጋኝ እንጂ አፍራሽ ብቻ እንዳልሆነ ካየን በኋላ፣ «እብጠት ሁሉ ይጥፋ» የሚል ሰው የማስረዳቱ ሸክም የራሱ ነው።

ስለ እንስሳቱ ሳልናገር ብወርድ ግማሹን የደበቅኋችሁ ያህል ነው። በግንቦት 1984 የእንስሳት መብት ተሟጋቾች ሌሊት የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲን የጭንቅላት ጉዳት ቤተ ሙከራ ሰብረው ገቡ፤ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የቀረጿቸውን የቪዲዮ ካሴቶች ይዘው ወጡ። ካሴቶቹ ላይ ዝንጀሮዎች ጭንቅላታቸው በመሣሪያ ሲናወጥ፣ በሥራው ላይ ያሉትም ሲቀልዱባቸው ይታያል። ከቁርጥራጩ የተሠራው አጭር ፊልም አሜሪካን አስቆጣ፤ የመንግሥት ምርመራ የማደንዘዣና የአያያዝ ጉድለት አገኘ፤ በ1985 የገንዘብ ድጋፉ ተቋረጠ። በዚያው ዓመት የአገሪቱ ሕግ ተሻሻለና እያንዳንዱ የምርምር ተቋም እንስሳትን የሚመለከት ኮሚቴ እንዲኖረው ተደረገ። የዚያ ቤተ ሙከራ ሳይንስ ከንቱ አልነበረም፤ መሽከርከር ክሮቹን እንደሚበጥስ ካረጋገጡት ሥራዎች አንዱ ነው። ያም ቢሆን የተፈጸመውን ነውር አያነጻውም።

በሕይወት እያሉ ማየት እዚህ ላይ አንድ በጎ ነገር አለው። ቀድሞ ለየቀኑ የተለያዩ እንስሳት ይገደሉ ነበር፤ ዛሬ አንዲቱን አይጥ በየቀኑ እየመለሱ ማየት ይቻላል፣ የሚያልቀውም ቁጥር ይቀንሳል። ራስልና በርች የተባሉ እንግሊዛውያን በ1959 በመጽሐፋቸው ካቀረቧቸው ሦስት መርሖች አንዱ ይኸው ቁጥርን መቀነስ ነበር። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ለምርምር የሚረቡ አይጦች እስከ ዛሬ በአሜሪካው የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ውስጥ «እንስሳ» ተብለው አይቆጠሩም፤ የሚጠብቃቸው ሌላ፣ ከምርምር ገንዘብ ጋር የተያያዘ ደንብ ነው። እኔ ይህን ጥናት እደግፋለሁ። የምደግፈው ግን በቂ ማደንዘዣ፣ ግልጽ ጥያቄና የሚጠይቅ ኮሚቴ ሲኖር ነው፤ ጥያቄው ደብዝዞ እንስሳው ከተጎዳ ሁለት ጊዜ ጥፋት ነው።

እንግዲህ ጭንቅላቱ የተመታ ሰው ቤታችሁ ሲመጣ ይህን አድርጉ። ሲቲው ደህና ነው ቢባልም ለአንድ ሁለት ቀን ብቻውን አትተዉት፤ ይረፍ፣ መኪናም ሞተርም አይንዳ፣ ሜዳም አይግባ። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ አንድ እጁ ወይም እግሩ ከደከመ፣ የዓይኑ ብሌኖች መጠን ከተለያየ ወይም አልነቃ ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል መልሱት። ስቴሮይድ ይወጋልኝ ብላችሁ ሐኪም አታስጨንቁ። ምልክቱ ሳይጠፋ ወደ ጨዋታ የሚመልሰው አሠልጣኝ ካለ ፊት ለፊት ከልክሉት። ሞተር የሚነዳ ልጅ ያላችሁ ደግሞ የራስ ቁሩን ገዝታችሁ ስጡት፤ ማሰሪያውንም ከአገጩ ሥር እንዲያስረው አድርጉ፣ ያልታሰረ ቁር ከጭንቅላት ቀድሞ ይወድቃልና።